ውሃ ያልከበበው ደሴት፦ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሠፈሮች አጭር ታሪክ

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ፣ ከነጭ ዓባይ ዳር ቆሞ ወንዙን የሚመለከት ሰው ከብዙ ሐይቆችና ገባሮች ተጠራቅሞ የመጣ ውሃ ያያል። ከእነዚህ ሐይቆች አንዱ በደቡብ ምዕራብ ዩጋንዳ፣ በኪጌዚ ኮረብታዎች መካከል የሚገኘው የቡንዮንዪ ሐይቅ ነው። ከቡንዮንዪ የሚወጣው ውሃ ወደ ሙታንዳ ሐይቅ ይወርዳል፤ ከዚያም በኤድዋርድና በአልበርት ሐይቆች በኩል ዞሮ ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል፤ በመጨረሻም በጁባ አጠገብ ያልፋል።

በዚሁ በቡንዮንዪ ሐይቅ ላይ ቡዋማ የምትባል ደሴት አለች። ሊዮናርድ ሻርፕ የተባለ ብሪታንያዊ ሐኪምና ሚሲዮናዊ በ1931 ሰው ባልሠፈረባት በዚህች ደሴት የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ አቋቋመ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በደሴቲቱ ላይ የሕሙማን መንደሮች፣ ቤተ ክርስቲያንና የሕክምና ቤት ተሠሩ። ሻርፕ ራሱ ንጁዬራ በምትባል ሌላ ትንሽ ደሴት ላይ ይኖር ነበር። የአሳቡ መሠረት ሁለት ነው፤ በአንድ በኩል ሕሙማኑ ከጤነኞች ተለይተው በሽታው እንዳይዛመት፣ በሌላ በኩል ደግሞ በሠፈራቸው የተናቁት ሰዎች እርስ በርሳቸው ተከባብረው የሚኖሩበት ማኅበር እንዲያገኙ ነው። በሽታውን የሚያድን መድኃኒት ከተገኘ በኋላ ግን እንዲህ ያለ ደሴት አላስፈላጊ ሆነ። የቀድሞው ሠፈር ሕንፃዎችም ለትምህርት ቤት አገልግሎት ዋሉ።

እኛን መምህራንን ይህ ፍጻሜ በተለይ ይስበናል። ሰው ከሰው የተለየበት ቦታ ልጆች በአንድ ዴስክ አብረው የሚቀመጡበት ቦታ ሆነ። ነገር ግን የደሴቱ ታሪክ በየአገሩ እንዲህ ባማረ ሁኔታ አልተፈጸመም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሦስት ጥያቄዎችን እናነሳለን። ሕሙማኑን ወደ ደሴት የሰደዳቸው ምንድን ነው? የእኛ አገር ታሪክስ ከዚህ ጋር እንዴት ይነጻጸራል? ውሃ የከበባቸው ደሴቶች ከተዘጉ በኋላ የቀረ ሌላ ደሴት አለን?

ደሴት ለምን ተመረጠ?

የሥጋ ደዌ በጣም ጥንታዊ ከሆኑ በሽታዎች አንዱ ነው። ቆዳንና ነርቭን ያጠቃል። ነርቭ ሲጎዳ እጅና እግር ስሜት ያጣሉ፤ ስሜት የሌለው እጅ እሳት ሲያቃጥለው፣ ስሜት የሌለው እግር እሾህ ሲወጋው አያውቅም። ስለዚህ ጣቶች የሚጎዱት ብዙዎች እንደሚያምኑት በሽታው ራሱ ቆርጦ ስለሚጥላቸው ሳይሆን ባልታወቀ ቁስልና ቃጠሎ ምክንያት ነው። ይህ እውነት ከመታወቁ በፊት ግን የሰው ልጅ ያየው የጎደለውን ጣትና የተለወጠውን ፊት ብቻ ነበር፤ የፈራውም ይህንኑ ነው።

በ1873 በኖርዌይ፣ በበርገን ከተማ፣ ገርሃርድ አርማወር ሐንሰን የተባለ ሐኪም የበሽታውን ባክቴሪያ አገኘ። በሽታው እርግማንም ዘር የሚወርድ ነገርም ሳይሆን እንደ ሌላው ተላላፊ በሽታ በተሕዋስያን የሚመጣ መሆኑ ታወቀ። እውቀት ፍርሃትን ያጠፋል ብለን እናስተምራለን። በዚህ ታሪክ ግን መጀመሪያ የሆነው ተቃራኒው ነው። “ይተላለፋል” የሚለው ቃል ብቻውን ተሰማ፤ “በቀላሉ አይተላለፍም” የሚለው ግን ገና አልታወቀም ነበር። በ1897 በበርሊን የተሰበሰበው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሥጋ ደዌ ጉባኤ ሕሙማንን መለየት ይገባል ሲል መከረ። ብዙ መንግሥታትም ቀድመው የጀመሩትን ማግለል በዚህ አጸኑት።

ከእነዚህ ሥፍራዎች የታወቁትን ሦስቱን እንጥቀስ። የመጀመሪያው በደቡብ አፍሪካ የሚገኘው የሮቢን ደሴት ነው። ዛሬ ዓለም ይህን ደሴት የሚያውቀው ኔልሰን ማንዴላ በታሰሩበት ወህኒ ቤት ነው። ነገር ግን ከ1846 እስከ 1931 የሥጋ ደዌ ሕሙማን መኖሪያ ነበር። ሁለተኛው በሃዋይ፣ በሞሎካይ ደሴት ላይ የሚገኘው ካላውፓፓ ነው። ካላውፓፓ ወደ ባሕሩ ውስጥ የገባ ምድር ሲሆን ከቀረው ደሴት በከፍተኛ ገደል የተለየ ነው። ከ1866 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ ባለ ጊዜ ውስጥ 8,000 ያህል ሰዎች ወደዚያ ተልከዋል። በ1873 ወደዚያ የሄደው ቤልጂየማዊው ቄስ ዳሚያን ሕሙማኑን እያገለገለ በሽታው ይዞት በ1889 ዐረፈ። ሦስተኛው በግሪክ፣ በቀርጤስ አጠገብ የምትገኘው ስፒናሎንጋ ናት፤ ከ1904 እስከ 1957 ድረስ ሕሙማን ኖረውባታል።

ደሴት የተመረጠበት ምክንያት ግልጽ ነው። ውሃ ደመወዝ የማይከፈለው ዘበኛ ነው። ወደ ደሴቱ የሚሄድ ጀልባ አለ፤ የሚመልስ ግን አልነበረም። በብዙ ቦታ ባል ከሚስቱ፣ እናት ከልጇ ተለይታለች። ታማሚው የሠራው ወንጀል የለም፤ ሆኖም ቅጣቱ ዕድሜ ልክ ነበር።

በአገራችን የነበረው ሁኔታ

የእኛ አገር ጥንታዊ ልማድ ከዚህ የተለየ እንደነበረ የሚያሳይ ጥሩ ምስክር አለ። በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በ1520 የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እስከ 1526 ድረስ በአገራችን ቆይቶ ያየውን ጽፏል። በዚህ ጽሑፉ ስለ ሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲያነሳ፣ ሕሙማኑ ብዙ እንደሆኑ፣ ከሕዝቡ ተለይተው እንደማይኖሩ፣ ይልቁንም ለነፍሳቸው ያደሩ ሰዎች በገዛ እጃቸው እያጠቡ ቁስላቸውን እንደሚያክሙ ይተርካል። በዚያን ዘመን በአውሮፓ ሕሙማን ከከተማ ውጭ በተለየ ቤት ይኖሩ ስለነበር፣ ይህ ነገር እንግዳውን ማስገረሙ አይደንቅም።

ይህ ልማድ ሥሩ ከሃይማኖት ነው። የንጉሥ ልጅ ሆኖ ሳለ ሀብቱንና ሙሽራይቱን ትቶ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እንደ ነዳይ የኖረው ገብረ ክርስቶስ፣ በአገራችን ሥዕሎች ሰውነቱ በቁስል ተሸፍኖ ይታያል። ይህን ሥዕል ዘወትር የሚያይ ምእመን በደጀ ሰላም የተቀመጠውን ሕሙም ሲያይ የሚያስታውሰው ነበረው።

ይሁንና ያለፈውን ዘመን ከልክ በላይ ማሳመር ታሪክ ማስተማር አይደለም። አብሮ መኖርና እኩል መሆን አንድ አይደሉም። ሕሙሙ ከሕዝቡ መካከል ኖረ ስንል፣ አብዛኛውን ጊዜ የኖረው በለማኝነት፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሥርና በጠበል ዳር ነው። በሽታው ከዘር ይወርዳል ተብሎ ስለሚታመን ከቤተሰቡ ጋር መጋባት ይፈራ ነበር። ጎሕ ሳይቀድ ከደጃፍ ቆመው የሚያዜሙትን፣ ምጽዋት ተቀብለውና መርቀው የሚሄዱትን ላሊበላዎችን እናስታውስ። እነዚህ ሰዎች ዜማውን ቢተዉ በደዌ ይያዛሉ የሚል እምነት ለብዙ ዘመን ሲነገር ቆይቷል። እምነቱ ሐሰት ቢሆንም አንድ ነገር ይገልጽልናል፤ ይኸውም በሽታው በሕዝቡ አእምሮ ውስጥ ምን ያህል ከባድ ፍርሃት እንደነበረ ነው።

ቋንቋችንም ይህን ፍርሃት ይዞ ቆይቷል። “ቆማጣን ቆማጣ ካላሉት ገብቶ ይፈተፍታል” የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር የማያውቅ የለም። ዛሬም በስብሰባና በክርክር ላይ፣ እውነቱን ሳንሸፋፍን እንናገር ለማለት ይጠቀሳል። ግን ቃሉን በቃል እንመልከተው። የሚናገረው ስለ ማዕድ ነው። አንድ ሰው ከሰዎች ጋር በአንድ መሶብ እንዳይበላ፣ እጁን ከእጃቸው ጋር እንዳይሰድ በስድብ ይመለስ ይላል። ሮቢን ደሴትን የከበበው የአትላንቲክ ውቅያኖስ ነው፤ በእኛ አገር ግን ያን የውሃ ሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሠራው ኖሯል።

ከሶባት ወንዝ እስከ አዲስ አበባ

በአገራችን በዘመናዊ መልክ የተቋቋመው የመጀመሪያው የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንከባከቢያ በሐረር ነው። ራስ መኰንን የሐረር ገዢ በነበሩበት ጊዜ፣ በ1901፣ አባ ማሪ በርናር የተባሉ ፈረንሳዊ የካፑቺን ማኅበር ካህን መሠረቱት።

የአዲስ አበባው ታሪክ ደግሞ ከዛሬው ደቡብ ሱዳን ምድር ይነሳል። ቶማስ ላምቢ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በ1907 ወደ ሱዳን መጥቶ በነጭ ዓባይና በሶባት ወንዞች አካባቢ፣ በዶሌብ ሂልና በናሲር በሚሲዮናዊነት አገልግሏል። ሶባት ማለት የእኛው ባሮ ከሌሎች ወንዞች ጋር ተቀላቅሎ ድንበሩን ከተሻገረ በኋላ የሚጠራበት ስም ነው። ላምቢ በ1919 የወንዙን መንገድ ተከትሎ ወደ ወለጋ፣ ወደ ሰዮ ወጣ፤ ከዚያም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በሕክምና ሥራ ታወቀ። በ1935 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ሲቋቋም ዋና ጸሐፊ የሆነውም እርሱ ነው። በ1930ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በእርሱ አነሳሽነት የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን በከተማው ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል ሠራ። ይህ ሆስፒታል በኋላ በወጣትነታቸው በሞቱት በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበ ወርቅ ስም ተጠራ። ሠፈሩም እስከ ዛሬ ዘነበወርቅ ይባላል።

ሆስፒታሉ የተሠራበት ሥፍራ ያን ጊዜ ከከተማው የራቀ ባዶ ሜዳ ነበር። ከየክፍለ ሀገሩ ለሕክምና የመጡ ሕሙማን ታክመው ወደ ቀያቸው መመለስ ስላልቻሉ በአጥሩ ዙሪያ ጎጆ ቀለሱ፤ ተጋቡ፤ ልጆች ወለዱ። ሕግ ያላጠረው፣ ዘበኛ ያልቆመበት፣ ውሃም ያልከበበው ደሴት እንዲህ ተፈጠረ። በሌሎችም ቦታዎች፣ በሻሸመኔ፣ ደሴ አጠገብ ባለው በቦሩ ሜዳና በአርሲ ጋምቦ፣ ተመሳሳይ ሠፈሮች ከሕክምና ጣቢያዎች ጋር ተቆራኝተው አደጉ። ከሐረር በስተ ምሥራቅ ያለው የቢሲዲሞ መንደርም የራሱ ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ሐኪም ዶክተር ፌሮን በሐረር ያሉትን ሕሙማን ለመርዳት ያቀረቡትን ጥሪ የሰማ ሄርማን ኮበር የተባለ ጀርመናዊ ጋዜጠኛ ከወዳጆቹ ጋር ሆኖ በ1957 በቩርስቡርግ ከተማ የእርዳታ ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ የመጀመሪያ ሥራ ቢሲዲሞ ነበር።

በደቡብ ሱዳንም ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። በእንግሊዞች አስተዳደር ዘመን በአዛንዴ ሕዝብ አገር፣ ያምቢዮ አጠገብ፣ ሊ ራንጉ በተባለው ሥፍራ ትልቅ የሕሙማን ሠፈር ነበር። ከጁባ ከተማ በስተ ምዕራብ የሚገኘው ሉሪ ሮክዌም ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው የሚኖሩበት ሠፈር ሆኖ ይታወቃል። በዚያ አገር ግን ሌላ መከራ ተጨመረ። ከ1955 እስከ 1972፣ ከ1983 እስከ 2005፣ ነፃነት ከተገኘ በኋላም ከ2013 ጀምሮ በተደረጉት ጦርነቶች ሕዝቡ ደጋግሞ ተፈናቅሏል። እግሩ ስሜት ያጣና የቆሰለ ሰው እንደ ሌላው ሮጦ አያመልጥም። ሕክምናውም ለወራት ሳይቋረጥ መወሰድ ያለበት ስለሆነ፣ ጤና ጣቢያው ሲዘጋ ሕሙሙ ከሁሉ አስቀድሞ ይጎዳል።

መድኃኒቱና የደሴቶቹ ፍጻሜ

ለረጅም ጊዜ የነበረው መድኃኒት ቻልሙግራ ከሚባል ዛፍ ፍሬ የሚጨመቅ ዘይት ነበር፤ ጥቅሙም አነስተኛ ነው። በ1941 ጋይ ፋጄ የተባለ ሐኪም በአሜሪካ፣ በሉዊዚያና በሚገኘው የካርቪል ሆስፒታል ፕሮሚን የተባለውን መድኃኒት በመርፌ ሰጥቶ የሚያበረታታ ውጤት አገኘ። ብዙም ሳይቆይ የዚሁ ዘር የሆነው ዳፕሶን በእንክብል መልክ መሰጠት ጀመረ። እንክብል ደግሞ በቤት ይወሰዳል። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ደሴቶች የሕክምና ምክንያት አልነበራቸውም። ሆኖም ስፒናሎንጋ የተዘጋችው ከ16 ዓመት በኋላ ነው፤ የሃዋይ የማግለል ሕግ የተሻረውም በ1969፣ ማለትም ከ28 ዓመት በኋላ ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር አለ። አንድ ሥርዓት የቆመበት ምክንያት ቢጠፋም ሥርዓቱ ወዲያውኑ አይጠፋም፤ ፍርሃት ከሳይንስ ይልቅ ዘግይቶ ይሄዳል።

በ1965 በአዲስ አበባ፣ በዚያው በልዕልት ዘነበ ወርቅ ሆስፒታል ቅጥር፣ አለርት በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና መልሶ ማቋቋሚያ ማዕከል ተመሠረተ። ከልዩ ልዩ የአፍሪካ አገሮች የመጡ ሐኪሞችና የጤና ሠራተኞች የቀዶ ሕክምናን፣ የእጅና የእግር እንክብካቤን፣ ልዩ ጫማ መሥራትንም ጭምር እዚያ ተምረዋል። በ1970 ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን ድርጅቶች እርዳታ የአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም ከጎኑ ተቋቋመ። በበርገን የተገኘው እውቀት ሥሙን ይዞ ዘነበወርቅ ደረሰ ማለት ነው። ሁሉም ሊሸሸው ይፈልግ የነበረው የከተማ ዳርቻ ለአህጉሩ ትምህርት ቤት ሆነ።

ባክቴሪያው ዳፕሶንን መቋቋም ስለጀመረ የዓለም ጤና ድርጅት በ1981 ብዙ መድኃኒቶች በአንድነት እንዲሰጡ ወሰነ። ይህ ሕክምና በኢትዮጵያ ከ1983 ጀምሮ ተሠራበት። እንደ በሽታው ዓይነት በ6 ወይም በ12 ወር ይጠናቀቃል፤ በነፃም ይሰጣል። በሽተኛው መድኃኒቱን መውሰድ እንደጀመረ ወዲያውኑ በሽታውን ወደ ሌላ ማስተላለፉ ያበቃል። ከዚህም በላይ አብዛኛው ሰው በተፈጥሮው በሽታውን የመከላከል ኃይል ስላለው በቀላሉ አይያዝም። በ1999 አገራችን በሽታውን ከ10,000 ሰው ከአንድ በታች ለማድረስ የተቀመጠውን ግብ መታች። ይህ ማለት ግን በሽታው ጠፋ ማለት አይደለም፤ አዳዲስ ሕሙማን አሁንም ይገኛሉ።

የቀረው ደሴት

መድኃኒቱ በሽታውን አዳነ፤ ሠፈሩን ግን ወዲያው አላዳነውም። አዲስ አበባ እየሰፋች ዘነበወርቅን ብትውጠውም ከ1960ዎቹ ጀምሮ የከተማው ቆሻሻ የሚደፋው እዚያው አጠገብ፣ ቆሼ በሚባለው ሥፍራ ነው። ከተማው የማይፈልገውን ነገር የት እንደሚያስቀምጥ ሲያስብ ቀድሞ ወደ ገፋቸው ሰዎች ሠፈር መሄዱ ብዙ ይናገራል። በመጋቢት 2017 የቆሻሻው ክምር ተንዶ በሥሩ የነበሩትን ቤቶች ሲደመስስ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ።

በሌላ በኩል ሕሙማኑ የሌሎችን ርኅራኄ ብቻ ሲጠብቁ አልኖሩም። በ1990ዎቹ የሥጋ ደዌ ተጠቂዎች የራሳቸውን ብሔራዊ ማኅበር አቋቁመው ስለ መብታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ትምህርትና ስለ ሥራ በራሳቸው አንደበት መናገር ጀመሩ። ከአልቫሬዝ ዘመን ጀምሮ ስለ እነርሱ ሌላው ሲጽፍና ሲናገር ነበር። በታሪካችን ውስጥ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው።

ውድ የሙያ ባልደረቦቻችን፣ ይህ ታሪክ በመማሪያ ክፍላችን ሦስት ሥራዎችን ይሰጠናል።

አንደኛው የስም ነገር ነው። በቀድሞው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም “ለምጽ” የተባለው ቃል በዛሬው ንግግራችን ቆዳን ከማንጣት በቀር ጉዳት የሌለውን፣ የማይተላለፈውንም ነገር ያመለክታል። ሁለቱን ሳንለይ ስናስተምር ቆዳው የነጣውን ልጅ ያለ ጥፋቱ እናስፈራራበታለን። በሽታው ሥጋ ደዌ ይባላል፤ የያዘው ሰው ደግሞ ከበሽታው አስቀድሞ ስም ያለው ሰው ነው።

ሁለተኛው የጤና ነገር ነው። በአንድ ተማሪ ቆዳ ላይ የማያሳክክ፣ ሲነኩት ስሜት የሌለው ነጣ ወይም ቀላ ያለ ምልክት ብናይ፣ ወይም ልጁ እጁ እንደሚደነዝዘው ቢነግረን፣ ልጁን በጓደኞቹ ፊት ሳናሳፍር ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ወላጆቹን እናማክር። ቀድሞ የታከመ ልጅ አንድም ጣት ሳይጎዳበት ይድናል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። ስለ ካላውፓፓና ስለ ስፒናሎንጋ ስናስተምር ተማሪዎቻችን በሩቁ ጭካኔ ያዝናሉ፤ ይህ ቀላል ነው። ቀጥለን ያንን ስለ መፈትፈት የሚናገረውን ምሳሌያዊ አነጋገር በሰሌዳ ላይ እንጻፈውና እንጠይቃቸው፦ ይህን ቃል የሚሰማው የሕሙም ልጅ በዚህ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቢሆንስ? በእርግጥም ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ ስለማይናገር አናውቀውም።

በቡዋማ ደሴት ሕሙማን ይኖሩባቸው የነበሩት ቤቶች መማሪያ ክፍሎች ሆኑ። የቡንዮንዪ ውሃ ግን ያን ጊዜም ዛሬም እንደ ወትሮው እየፈሰሰ በጁባ በኩል ያልፋል፤ ውሃው ማንንም ከማንም ሊለይ አልተነሳም ነበር። የለየነው እኛ ሰዎች ነን። ስለዚህ የቀረውን ደሴት የማፍረሱ ሥራም የእኛ ነው፤ የሚጀመረውም ነገ ጠዋት፣ ተማሪዎቻችንን በአንድ ዴስክ ስናስቀምጥ ነው።